ባዶ ብልቃጦች

ከየሻው ጋር የተዋወቅነው ዜማ ቤት ነው። እዚያ ዓይነ ስውር ተማሪ ካለ ጓደኛው ያነብለታል፣ እሱም በቃሉ ይይዛል፤ ነውር የለውም። እንዲያውም ከሁላችን የሚበልጡት እነሱ ነበሩ። ጎንደር፣ የውሃ ምርመራ ወደምንማርበት ትምህርት ቤት አብረን ስንገባም ይህን ልማድ ይዘን ገባን።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱ ሌላውን እያስጠና ነበር የምንሠራው። በሁለተኛው ዓመት የሻው ብልቃጥ ላይ የውሃውን ልክ የሚያሳየውን ቁጥር ማንበብ ተሳነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይኑን ይወጋው ነበር።

«ምነው አትታይም? ሐኪም ቤቱ እኮ ከአጥሩ ማዶ ነው» አልሁት።

«ለትምህርቱ አይበቃም ብለው ቢያባርሩኝስ? አዲ አርቃይ ተመልሼ ምን ልሆን? አንተ አንብብልኝ እንጂ።»

አነበብሁለት፤ ደግ መሆኔ ነው! እሱ ውሃውን ይቀዳል፣ እኔ ቁጥሩን በጆሮው ሹክ እለዋለሁ። ስሌቱን ደግሞ እሱ ያስረዳኛል። እውነቱን ልናገር፣ ያለ እሱ አንድም ፈተና አላልፍም ነበር። ስለዚህ ሐኪም ቤት ሂድ ብዬ ዳግመኛ አልወተወትሁትም።

በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻው ፈተና ለየብቻ ሆነ። በዋዜማው መምህሩ በስድስት ብልቃጦች የተለያየ ልክ ውሃ ቀድቶ ሲደረድር አየሁ። ሾልኬ ገብቼ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አነበብሁና ለየሻው አስጠናሁት።

በማግስቱ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ጎንበስ አለ፤ ብልቃጦቹን ሳይነካ «አርባ ሁለት፣ ሃምሳ ሰባት፣ ሠላሳ ዘጠኝ» እያለ እስከ ስድስተኛው አደረሰ። አንዱንም አልሳተም። መምህሩ ግን ጠዋት ብልቃጦቹን አጥቦ ባዷቸውን ነበር ያቆማቸው፤ አዲሱን ውሃ ገና አልቀዳባቸውም ነበር።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የየሻውን እጅ ይዞ ከአጥሩ ማዶ ሐኪም ቤት ወሰደው። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየው።

«አምና ቢመጣ የዓይን ቆቡን በትንሽ ቀዶ ጥገና አቃንተን እናድነው ነበር» አለ። «አሁን ብሌኑ ጠባሳ ሆኗል። ምንም አላደርግለትም።»

እኔ አለፍሁ። የሻውን ወደ አዲ አርቃይ በሚሄድ የጭነት ማኪና ላይ እጁን ይዤ አሳፈርሁት። እንባዬ ይወርድ ነበር፤ እሱ አላየም።

«ቁጥሮቹን ግን በትክክል ይዣቸው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አንድም አልሳትህም» አልሁት።

«ሸጋ አድርገህ ነዋ ያስጠናኸኝ» አለ።