የአትላስ ጉልበት

ሠዓሊዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ግዙፍ ሰው ጋር ተፋጥጣ ከረመች። ሰውዬው አትላስ ነው፤ በጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ ከአማልክት ጋር ተዋግቶ በመሸነፉ ሰማይን እንዲሸከም የተፈረደበት። ከቁመቷ በሚበልጥ ሸራ ላይ፣ በዘይት ቀለም፣ ጡንቻውን አሳብጣ ጥርሱን አስነክሳ ሥላዋለች። ግን አልጥም አላት። ሰማዩ ትከሻው ላይ ያረፈ ሳይሆን የተለጠፈ ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቷ የመስኮቷን ማጠፊያ ሊጠግንላት መጣ። አርባ ዓመት በጫኝና አውራጅነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ካቻቢቴውን እንደያዘ ሸራው ፊት ቆሞ ቀረ።

«ምነው አባዬ፣ አስጠላህ?»

«ኧረ ቆንጆ ነው። ግን ይሄ ሰውዬ ዕቃ ተሸክሞ ያውቃል?»

«ሰማይ ነው እኮ የተሸከመው።»

«ይሁና። ጉልበቱን ገትሮ እንኳን ሰማይ ፍራሽም አይችልም። ፊቱንስ ምን አኮሳተረው? ከባድ ነገር የያዘ ሰው ለፊቱ የሚተርፍ አቅም የለውም።»

ትንሽ ከፋት። «እስቲ አሳየኛ» አለችው።

አባት ጃኬቱን አወለቀና ጥግ ወዳለው ቁም ሣጥን ሄደ። ጀርባውን ሰጠው፣ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፣ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ቁም ሣጥኑ እንደ ታዘለ ሕፃን ጸጥ ብሎ ተነሣ። የአባት ፊት ረገበ፤ ከሩቅ የሚጠራውን ሰው ድምፅ የሚያዳምጥ መሰለ። ሠዓሊዋ የከሰል እርሳሷን አፈፍ አደረገች።

«እንዳትነቃነቅ።»

«ቶሎ በያ።»

ይሄኔ እሱን ተከትላ የመጣችው እናቷ በሩን ከፍታ ገባች። «አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሙ ስለ ወገብህ ምን ነበር ያለህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አላት ሳይዞር።

እናት ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ወንበር ጎትታ ከቁም ሣጥኑ ሥር ሸጎጠችና ክብደቱን አስደገፈችው።

እነሱ እንደወጡ ሠዓሊዋ የሦስት ሳምንት ልፋቷን በቢላዋ ፋቀችው። አዲሱ አትላስ ጆሮ ግንዱ የሸበተ፣ ፊቱ የረገበ፣ እግሩ ሰፊ፣ ጉልበቱ አጠፍ ያለ ሆነ። ሰማዩም ከበደ።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት አባት አራት የድሮ ባልደረቦቹን ይዞ መጣ። ሁሉም ሱፍ ለብሰዋል። ሥዕሉ ፊት ተደርድረው ከእግር እስከ ራሱ መረመሩት።

«ብቻውን ነው ያሸከሙት?» አለ ከመካከላቸው «ክሬኑ» እያሉ የሚጠሩት።

«ብቻውን» አለች።

«ግፍ ነው። እኔ በዚህ ጥግ፣ አንተ በዚያ ብንገባለት...»

«መጀመሪያ ከሥሩ ምን ሊነጠፍ ነው?» አለ ሌላው። ክርክሩ ደራ። ጎብኚዎችም ሌላውን ሥዕል እየተዉ ከበቧቸው።

አባት ግን ከአትላስ ፊት ላይ ዓይኑን አልነቀለም። «ስሸከም እንዲህ ነው የምመስለው?» አላት ቀስ ብሎ።

«እንዲህ ነው።»

«እኔ እኮ የማስፈራ ይመስለኝ ነበር።»

ክንዱን ያዘችው። ትንሽ እንደቆዩ አባት ከራቫቱን አስተካክሎ ወደ ጓደኞቹ ተጠጋ፤ ሰማዩን በማይሆን ጎን ሊያወርዱት ነበርና።