እንጨቱ የማይነካው አንገት

እና ደግሞ ማንም አይናገርም፣ የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ሠላሳ አምስት ወንድ አንድ ጨለማ ውስጥ ታጭቆ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ፣ ላብ ለላብ፣ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ነገር አንድም ሰው አይተነፍሰውም። ግራ እግር። ቀኝ እግር። ግራ። ከላያችን በሕማማት ሳምንት በሴቪያ መንገዶች የምናዞረው የእመቤታችን ሐውልት ዙፋን አለ፣ ብሩ፣ ሻማው፣ አበባው፣ ያ ከባድ ካባዋ፣ ሕዝቡ የሚያየው ያንን ነው፣ እኛን ዙሪያውን የወረደው መጋረጃ ይደብቀናል፣ ከውጭ ላየው ዙፋኑ በራሱ እግር የሚራመድ ይመስላል፣ የምንለፋውም እንዲመስል ነው፣ ሰው እኛን ካስታወሰ ሥራችን ተበላሸ ማለት ነው።

አንገቴ። አንገቴም አይደለም፣ ከአንገት ግርጌ ያለችው ጉብ ያለች አጥንት፣ አግዳሚው እንጨት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፣ በመሀል የጆንያ ጨርቅ ጥምጥም አለ፣ ጥምጥሙ በደንብ ካልታሰረ ቆዳህ ይላጣል፣ በደንብ ከታሰረም ይላጣል።

ላስረዳ፣ ለማን እንደማስረዳ እንጃ፣ ማስረዳት ህመሙን ራቅ ያደርግልኛል። ሰባት አግዳሚ አለ፣ በእያንዳንዱ ሥር አምስት ሰው። አምስቱ ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት፣ እስከ አናት ሳይሆን እስከ አንገት፣ ረዘም ካልክ የሌላውንም ሸክም ትወስዳለህ፣ አጠር ካልክ እንጨቱ አይነካህም፣ ከሥሩ ባዶ አንገትህን ይዘህ ትራመዳለህ፣ ድርሻህ ግን አይተንም፣ ጎረቤትህ ላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ጾም ከመግባቱ በፊት አለቃችን ዳሚያን ግድግዳ ሥር አሰልፎ አንገታችንን በመዳፉ እየዳበሰ በረድፍ የሚመድበን።

በግራዬ ያለው ጋሽ ኤሊሴኦ ነው። ስድሳን ተሻግሯል፣ ከዚህ ዙፋን ሥር የገባው አባቴ ገና ሚስት ሳያገባ ነው፣ እርምጃውን ያስተማረኝ እሱ፣ ዛሬም ጥምጥሜን ያሰረልኝ እሱ፣ እና እንጨቱ አይነካውም። ሰው ሲያረጅ አከርካሪው ያጥራል፣ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ለስላሳ ነገር እየደረቀ ይሳሳል፣ አንብቤዋለሁ፣ የምሠራው ጎሚስታ ቤት ነው፣ ደንበኛ ሲጠፋ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ የማላነበው የለም፣ በቀኜ ያለው ሞንቾ ለዚህ ነው ፕሮፌሰር የሚለኝ፣ አንተ ፕሮፌሰር፣ እስቲ ለጎማው አንብብለት፣ ራሱ ይነፋ እንደሆነ።

ዘንድሮ በልኬቱ ቀን ጋሽ ኤሊሴኦ ጫማው ውስጥ ቡሽ ደርቦ መጣ። ተረከዙ ጋ ብቅ ብሎ ይታያል። ሁላችንም አየነው፣ አይተነው ሁላችንም ጣራውን ማየት ጀመርን። ዳሚያን መዳፉን አንገቱ ላይ አሳርፎ ቆየ፣ ቆየ፣ ዓይኑ ወደ ጫማው ወረደና ተመለሰ፣ ኤሊሴኦ፣ አራተኛ ረድፍ፣ አለ፣ እንደ ሁልጊዜው። የሳቀ የለም። ሞንቾ እንኳ፣ ለቅሶ ቤት የሚስቀው ሞንቾ።

በቡሽ ግን ይሄን ሁሉ መንገድ አይኬድም። የምንጫማው ስስ የሸራ ጫማ ነው፣ ቡሹን ቤቱ ትቶ መጣ፣ ድርሻውን ለኔ።

እንዲህ ማሰብ ነውር ነው። አሰብኩት።

አንድ ፈረንሳዊ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር፣ ብቻህን ስትጎትት ያለህን ትሰጣለህ፣ ስትበዙ ግን እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቆጥባል፣ ሌላው አለ ብሎ፣ ሳይታወቀው። ይሄን ለሞንቾ ስነግረው ምን አለ፣ ፈረንሳይ ነዋ ወንድሜ፣ እዚህ ሴቪያ መጥቶ ይለካና። እውነትም እዚህ ተቃራኒው ነው፣ እዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ ሁሉም የሽማግሌውን ሸክም ተካፍሎ ጥርሱን ይነክሳል፣ ደግነት ነው፣ ደግነት መሆኑን አልክድም፣ ግን እንጨት ደግነት አያውቅም፣ እኩል አያከፋፍልም፣ የሚያውቀው ቅርብ ያለውን አንገት ነው፣ ቅርቡ ደግሞ እኔ ነኝ።

ግራ እጄ ደንዝዟል። ከትንሿ ጣቴ ጀመረ፣ አሁን ክርኔ ደርሷል። እንጨቱ ውስጥ ደግሞ የሆነ መንቀጥቀጥ አለ፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ከግራ በኩል የሚመጣ፣ ከበሮው ነው፣ የባንዱ ከበሮ እንጨቱ ድረስ ይሰማል፣ ሌላ ምን ሊሆን።

ባለፈው ሳምንት ከልምምድ በኋላ ሞክሬ ነበር፣ መጠጥ ቤት፣ ቢራ ይዘን። ሞንቾ፣ ጋሽ ኤሊሴኦ እኮ። ምን ሆነ? ምንም። ምንም ካልሆነ ቢራህን ጠጣ። ጠጣሁ። እሱም ጠጣ። ሁለታችንም የምንባባለውን ሁሉ ተባባልን፣ ምንም ሳንል። ይሄም ስም አለው፣ አንብቤዋለሁ፣ እያንዳንዱ ምን ማሰብ እንዳለበት ለማወቅ የሌላውን ፊት ያያል፣ ሌላው ደግሞ የሱን ፊት እያየ ነው፣ ሁሉም ዝም ያለ ፊት ያገኛል፣ ዝም ይላል። ማወቄ ግን ምን ጠቀመኝ። የታሰረበትን ገመድ ስም የሚያውቅ እስረኛ ነኝ።

ከፊታችን ጠባቡ መታጠፊያ አለ። እዚያ ዙፋኑ ባለበት ይሽከረከራል፣ ከግድግዳው በጥቂት ጣት ክፍተት፣ እየተሽከረከርክ መሰናከል የለም፣ አንድ ሰው ጉልበቱ ከከዳው ረድፉ ይወድቃል፣ ከኋላ ያለው ረድፍ በሱ ላይ፣ ከዚያ ዙፋኑ፣ ከዚያ። አላስበውም። ከመታጠፊያው በፊት አንድ ዕረፍት አለ። እዚያ እናገራለሁ። ዳሚያን፣ አራተኛ ረድፍ፣ አንድ ሰው እንጨቱ አይነካውም፣ በቃ፣ ስም እንኳ አልጠራም። ተቀያሪዎቹ ከዙፋኑ ጎን ለጎን እየሄዱ ነው፣ አንዱ ይገባል፣ ጋሽ ኤሊሴኦ በመጋረጃው ሥር አጎንብሶ ይወጣል፣ ወደ ፀሐይ፣ ወደ ሕዝቡ፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ የገዛ ቤቱ ሰገነት አለ፣ ሚስቱ እትዬ ፊሎሜና የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ቆማ። ለምን እዚያ። ከመንገድ ሁሉ ለምን እዚያ።

ዳሚያን ከፊት ሆኖ የሚያዘን በመዶሻ ነው፣ መዶሻው ተመታ። ዙፋኑ በአራት እግሩ ተቀመጠ፣ አንገቴ ነጻ ወጣ፣ ህመሙ የባሰው አሁን ነው። ውሃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ፕሮፌሰር፣ ፊትህ ወይን ጠጅ መሰለ። ደህና ነኝ። አንተ ደህና ከሆንክ እኔ ጳጳስ ነኝ፣ ና መስቀል ተሳለም። ረድፉ ይስቃል። ሞንቾ ራሱን በመጋረጃው ሥር አውጥቶ አየር ይስባል።

ሲሮ፣ ይለኛል ሽማግሌው፣ ጆሮዬ ሥር። አቤት ጋሼ። አይነካኝም እኮ።

ውሃውን አሳለፍኩለት።

ታውቃለህ፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እንጨቱ ካልነካኝ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ጋሼ ግን፣ ለምን ራስዎ አይናገሩም። እንዴት ብዬ ልጄ? ዳሚያን ቡሹን አይቶ አለፈኝ፣ እናንተ ተሸክማችሁ ዝም አላችሁ፣ ይሄን ሁሉ ካደረጋችሁልኝ በኋላ በየት በኩል ልውጣ? አሁን ብወጣ ያዋረድኩት እናንተን ነው። ሰው ይናገርልኝ ብዬ ጠበቅኩ። አንተ መጽሐፍ የምታነበው ትላለህ ብዬ ነበር። በለው። አሁን ዳሚያን ደህና ናችሁ ብሎ ሲጠይቅ ንገረው፣ አደራህን።

እሱም። እሱም እንደኔ ከዝምታው ሥር። እኔ ለሱ ስል፣ እሱ ለኛ ሲል፣ መውጫውን የምንጠብቀው አንዳችን ከሌላችን፣ እላለሁ፣ እላለሁ ጋሼ፣ አራተኛ ረድፍ፣ አራተኛ ረድፍ አንድ ሰው

መጋረጃው ተገለጠ። ብርሃን፣ የከሰዓት ፀሐይ እንደ ጥፊ፣ የብርቱካን አበባ ሽታ፣ የዳሚያን ግንባር። ጎበዞቼ! ኤሊሴኦ፣ ሚስትህ ሰገነት ላይ ናት፣ ደግሞ እያለቀሰች ነው። አሁን ዙፋኑን የምናነሳው ለእትዬ ፊሎሜና ክብር ነው፣ አርባ ዓመት ይሄን የበሬ አንገት ላሸችልን! እንደ ጥብስ ሥጋ ከነጨው! አለ ሞንቾ፣ ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ረድፍ ሄደ፣ አንድ ሰው መሬቱን በእግሩ መታ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሠላሳ አምስት ሰው መሬቱን ይመታል፣ ኤሊሴኦ! ኤሊሴኦ! ከውጭ ሕዝቡም ያዘው። ዳሚያን እጁን አነሳ። ጸጥ። ዓይኑ በረድፉ ላይ ይሄዳል፣ እኔ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ወይ መሰለኝ፣ የምታውቀውን ጠይቀኝ ዳሚያን፣ በስሜ ጠይቀኝ፣ እኔን ለብቻዬ።

ሁላችሁም ደህና ናችሁ?

ደህና!

አንድ ድምፅ ነው፣ ክፍተት የለውም፣ የኔም እዚያ ውስጥ ነበር፣ ከሌሎቹ ጋር ነው የሰማሁት። ከግራዬ ያለውም ጮኸ። ከሁላችንም በላይ።

መጋረጃው ወረደ። አንገት ወደ እንጨቱ። መዶሻው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ ዘለልን፣ ዙፋኑ ወደ ሰማይ ወጣና እንጨቱ ተመልሶ አጥንቴ ላይ ወደቀ፣ ከውጭ ጭብጨባ፣ የሴት ለቅሶ፣ ከዚያ ሕዝቡ ትንፋሹን ያዘ፣ መታጠፊያው ነው። መንቀጥቀጡ ያው አለ። ከግራ በኩል፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ።

ከበሮው ግን ከዕረፍቱ በኋላ ገና አልጀመረም።

ቀና ማለት አይቻልም፣ ዓይኔን ብቻ ወደ ግራ እሰዳለሁ፣ በመጋረጃው ግርጌ በሚገባው ብርሃን፣ ሁለት መዳፍ፣ ተከፍተው፣ እንጨቱን ከሥር ወደ ላይ እየገፉ፣ ክንዱ እስከ ብብቱ ይንዘፈዘፋል፣ ሦስት ዓመት፣ ጋሼ፣ ሦስት ዓመት በእጅዎ፣ ግራው ወደፊት፣ ይላል ዳሚያን፣ ቀስ፣ ቀስ ልጆቼ፣ ግራ እግር፣ እጄ አይሰማኝም፣ ቀኝ እግር፣ ግራ