ምሽግ በር ላይ ያበበው ጽጌረዳ

አቻምየለሽ ይርሳውን ከማየቷ በፊት ሸተታት። የታናሽ እህቷ የባንቺአየሁ ባል ነው። ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ምሽግ ከሠራ ወዲህ ባንዳ ሆኖ፣ ጸጉሩን የፈረንጅ ቅባት እየተቀባ፣ የቆርቆሮ ሥጋ እየበላ፣ ላቡ ሳይቀር ተለውጧል። አካፋ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ሳይጣራ ጓሮዋ ገባ።

ጓሮው የእናቷ ነበር። እናቷ ከቋሪት ተድራ ስትመጣ፣ ከገዛ እናቷ ደጅ የቆረጠችውን ጽጌረዳ በእርጥብ ኮባ ጠቅልላ፣ በቅሎ ላይ ሆና ጭኗ ላይ ታቅፋ ነው ያመጣችው። ስትሞት ከብቱን ለባንቺአየሁ፣ ጓሮውን ለአቻምየለሽ ሰጠች። አቻምየለሽ ማለዳ ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ጽጌረዳውን ነው። ትኮተኩተዋለች፤ አመድ ትነሰንስለታለች፤ ጠል የያዘውን እንቡጥ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ጣቷን ታሸታለች። ጤና አዳሙንና አሪቲውን ለጠየቃት ሁሉ ትሰጣለች። የጽጌረዳው አበባ ግን፣ እናቷ እንደምታደርገው፣ በወርኃ ጽጌ ለማርያም ብቻ ነው የሚቆረጠው።

«ደህና ነዎት አያ ይርሳው?» አለች ፊቷን ዞር አድርጋ።

«ደህና ነኝ። ይኸን ጽጌረዳ ለምሽጉ አዛዥ በሩ ላይ ልተክልለት ነው።»

«የእናታችን መሆኑን ያውቃሉኮ።»

«አውቃለሁ እንጂ። እጅ መንሻ ስፈልግ ያሳሰበችኝ ባንቺአየሁ አይደለችም?» ብሎ ሣቀ። በጥርሱ መሃል የሥጋ ክር ታያት፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር። አፏን ምራቅ ሞላው።

ሰዎቹ ሥሩን ሲምሱ ይርሳው በቦት ጫማው ጤና አዳሙን ረግጦ ቆመ። የተጨፈለቀው ቅጠል ሽታ ከጸጉሩ ቅባት ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣባት፣ አቻምየለሽ ከቤቱ ጀርባ ሮጣ አስመለሳት።

ጽጌረዳው ይደርቃል ብላ ጠበቀች። አልደረቀም። ከወታደሮቹ መጸዳጃ የሚወርደውን ፍሳሽ እየጠጣ ወፈረ። ገበያ ስትሄድ በምሽጉ በር ማለፍ ግድ ነውና፣ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ሰብቶ፣ ዝንብ ሰፍሮበት ታየዋለች። አንድ ቀን ነፋስ መዓዛውን ሲያመጣላት ሳታስበው በረጅሙ ሳበችው። ወዲያው ራሷን ተጸየፈች፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ እስከ ገበያው ድረስ ሄደች።

በዓመቱ በወርኃ ጽጌ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ይርሳው በቅሎውን ከበሩ ላይ አስሮ እቅፍ ሙሉ ጽጌረዳ ይዞ ማርያም ግቢ ገባ። ባንቺአየሁ አዲስ ሻሽ አስራ ትከተለዋለች።

«ይኸ ከአዛዡ ለእመቤታችን የተላከ ነው» አለ ሕዝቡ እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «ሃይማኖታችሁን እንደሚያከብር እወቁለት።»

መሪጌታ ክንፈሚካኤል እጃቸውን ከካባቸው አላወጡም። «አበባውንስ አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ይመጣ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የጠፋብኝ ሥሩ ነው።»

ሕዝቡ ገባውና አንዳንዱ በነጠላው ውስጥ ሣቀ። ይርሳው ግን ምስጋና መስሎት አንገቱን ነቀነቀ።

አቻምየለሽ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። «ይስጡኝ አያ ይርሳው፤ እኔ ላድርሰው።»

ደስ ብሎት ሰጣት። የእጁ ሙቀት አበባው ላይ ቀርቶ ነበርና ሰውነቷ ተሸማቀቀ። ወደ ቤተ መቅደሱ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ በሩ ሄዳ እቅፉን ሁሉ ከይርሳው በቅሎ ፊት ዘረገፈችው። በቅሎዪቱ አሽተት አድርጋ ትቆረጥመው ጀመር።

ይርሳው ሮጦ ደርሶ ፊቷን በአለንጋ ገረፋት፤ ጉንጯ ተሰነጠቀ። «ከማርያም ደጅ ላይ!» ብለው መሪጌታ በመሃል ገቡ። ባንቺአየሁ የሻሿን ጫፍ እያስተካከለች ታይ ነበር። ከአለንጋው ይልቅ አቻምየለሽን የጎመዘዛት ይኸ የእህቷ ነገር ነው። በማግስቱ ይርሳው የምሽጉን በቅሎዎች ጓሮዋ ላይ ለቀቀባት።

ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ ይርሳው ሚስቱን ትቶ አብሮ ሄደ። አገሬው ምሽጉን ለቆርቆሮና ለሚስማር ሲያፈርስ፣ ባንቺአየሁ ጽጌረዳውን ራሷ ነቅላ፣ በጆንያ ጠቅልላ እህቷ ደጅ ቆመች።

«የእናታችንን አመጣሁልሽ። ይቅር በዪኝ።»

አቻምየለሽ ጆንያውን ገለጥ አድርጋ አየች። ሥሩ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ አፈር ይዟል። ለእናቷ ስትል እጇን ልትዘረጋ ሞከረች። አልቻለችም።

«ግቢና እህል ቅመሺ» አለች በመጨረሻ። «እሱ ግን ከአጥሬ ውጭ ይቅር።»

ባንቺአየሁ ጆንያውን ከአጥሩ ሥር ጥላ ገባች። ሳይተያዩ ከአንድ ትሪ በሉ። ስትጨርስ ባንቺአየሁ የአለንጋውን ጠባሳ ልትነካ እጇን ዘረጋች። አቻምየለሽ ወደ ኋላ አለች።

«ቆዪ» አለቻት። «ሽታው ገና አለቀቀኝም።»