በመዝሙር ስም የተደበቀ ቴፕ

«ባማዮ፣ አገኘሁ!» አለ ዌብስተር ከመስኮቱ ውጭ እናቱን እየጠራ። «'የእናቶች ማኅበር መዝሙር' ይላል የቴፑ ቆርቆሮ። የድሮ ነው፤ አዲሱን በላዩ ላይ እንቀዳበታለን።»

ቤት ውስጥ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠችው ቺሻ ቀና አለች።

ራሷን እስከ ቅንድቧ በቺቴንጌ ጨርቅ ሸፍነዋታል፤ ግራና ቀኝ ሁለት መበለቶች ደግፈው ይዘዋታል። ባሏ ካፓምባ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ቀብሩ ነገ ነው። እስኪቀበር ድረስ የሟች ሚስት ከምንጣፏ አትነሳም፤ ድምፅ አውጥታም አትናገርም። በመዳብ ማዕድኗ ከተማ በሙፉሊራ፣ በካንታንሺ የማዕድን ሠራተኞች ሰፈር፣ ወጉ እንዲህ ነው።

ዌብስተር የካፓምባ የእህት ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ። ወራሹም እሱ ነው፤ ከቀብር በኋላ የአጎቱን ስም ይረከባል። ክፋት የሚባል ነገር የለበትም። «ሴቶቹ ለባያማ፣ ለአጎቴ፣ ሲዘምሩ በራሱ መቅረጫ ካልቀዳሁ፣ እኔ ምን የእህት ልጅ ነኝ?» ብሎ፣ ያንን እንደ ዱቄት ጆንያ የሚከብድ የአጎቱን መቅረጫ በረንዳ ላይ አውጥቶ ከጠዋት ጀምሮ ሲወለውል ነው የዋለው።

ያላወቀው አንድ ነገር ነው። ቆርቆሮው ውስጥ መዝሙር የለም። ያለው «ሴንታ» ነው።

ሴንታ፣ ከመዳብ ማቅለጫው ወርዶ ጉሮሮ የሚያቃጥለው ጭስ ነው። ካፓምባና ጓደኞቹ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የቀዱትን የሮክ ሸክላ በሱ ስም ጠሩት። ያኔ ከጎረቤቷ ኪትዌ እስከ ዋና ከተማዋ ሉሳካ ወጣቱ ጸጉሩን አጎፍሮ ጨፈረበት። በኋላ አሳታሚው ተዘጋ፤ ሸክላው የታተመበት ቅርጽም የት እንደገባ ጠፋ። የተሸጡትም በየመጠጥ ቤቱ ተጫጭረው አለቁ። የቀረው ይህ አንድ ቴፕ ብቻ ነው። «ሌባ ዘፈን ይሰርቃል እንጂ የእናቶችን መዝሙር ማን ይሰርቃል?» ብሎ ቆርቆሮው ላይ የጻፈው ካፓምባ ራሱ ነበር። ይህን ምስጢር የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። አሁን አንዷ ቀርታለች፤ እሷም አፏ ተይዟል።

ቺሻ አጠገቧ ያለችውን መበለት ጉልበት ነካች፤ በዓይኗም ወደ መስኮቱ አመለከተቻት።

«ውሃ ነው? አይዞሽ የኔ እናት» አለች መበለቲቱ፣ ጣሳውንም አመጣችላት።

ውጭ የቆርቆሮው ክዳን ተፈልቅቆ ሲከፈት ይሰማል። ቺሻ ጣሳውን ገፋ አደረገችው።

ባሏ «ሴንታ»ን የተጫወተበትን ጊታር ነገር ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ገላውን ካፓምባ ከሙክዋ እንጨት ጠረበው። ከክሮቹ ስር ያለውን ድምፅ ሳቢ ማግኔት ደግሞ ከተጣለ የማዕድን ስልክ በፈታው፣ እንደ ጸጉር በቀጠነ የመዳብ ሽቦ ጠቀለለው። በምን ቢሉ፣ በሷ የስፌት መኪና! እሷ እጀታውን ስታዞር እሱ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «ቀስ፣ ቺሻዬ፣ ቀስ… ከተበጠሰ ከቁጥር አንድ ነው» ይላታል። ክንዷ እስኪደነዝዝ አዞረች። ለሠርግ የተቀበለችው ቀሚስ ሳይሰፋ ቀረ፤ ሙሽራዪቱም እስከ ዛሬ አኩርፋታለች።

«የታለ ይሄ ሰነፍ?» አለ በሩ ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ጄሬ ነው፤ «ሴንታ» ላይ ቤዝ ጊታር የተጫወተው። ካፓምባ ቤምባ፣ ጄሬ ንጎኒ፤ ሁለቱ ጎሣዎች ደግሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ንጎኒ የቤምባ ልቅሶ ቤት መጥቶ ሟቹን ቢሰድብ የሚቆጣው የለም፤ እንዲያውም ዝም ካለ ይታዘቡታል።

«እናንተ ዝንጀሮ በሎች፣ ስሙኝ! ይሄ ሰውዬ አምፕሊፋየር ተሸከም ባልኩት ቁጥር 'ወገቤን' ይል ነበር። ይኸው ነገ ጭራሽ ስድስት ሰው ሊያሸክም ነው!»

ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «አንተ አይጥ ጠባሽ! ይልቅ አልቅስ!» አለችው ባ ምፑንዱ፤ «ባ» የአክብሮት መጠሪያ ነው። የካፓምባ ታላቅ እህት፣ የዌብስተር እናት ናት።

ጄሬ ቺሻ ፊት ተንበረከከ። ከቅርብ ሲያዩት ዓይኑ ቀልቷል። ነገሩ ሳይዘረዘር የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ቺሻ እጅጌውን ሳብ አድርጋ፣ ማንም እንዳይሰማት በሹክሹክታ፣ «ቆርቆሮው… 'ሴንታ' ነው» አለችው።

ጄሬ ብድግ አለ። ወደ ውጭ ሮጠ።

«አቁም! ዌብስተር፣ እጅህን አንሳ! መዝሙር አይደለም፣ 'ሴንታ' ነው! ዋናው ቴፕ ነው!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ንጎኒው ጀመረው!»

«የእናቶች ማኅበርን ሮክ አስጨፈራቸው እኮ!»

«ቀልዴን አይደለም! በእናቴ መቃብር!» አለ ጄሬ።

«እናትህማ ትናንት ገበያ ቲማቲም ስታማርጥ ነበር!»

ያ ደግሞ እውነት ነበር። በማለ ቁጥር ሳቁ ባሰ፤ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ስር ተቀምጦ የነበረ አንድ ጎረምሳ እንዲያውም ወገቡን አቅፎ አስቀረው። ዌብስተርም እየሳቀ፣ «ባ ጄሬ፣ ይስደቡን ግድ የለም፤ እርስዎንም እቀዳዎታለሁ!» አለ።

ቺሻ ይህን ሁሉ በመስኮቱ ትሰማለች። ብትናገር፣ «ባሏ ሳይቀበር የጮኸች» እየተባለች ዕድሜ ልኳን ልትታማ ነው። ዝም ብትል ደግሞ…

«ሴንታ» ሊቀዳ ሰሞን ካፓምባ የጊታሩን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ሲሰነጥቀው ታያት። «አብደሃል እንዴ? ገና አዲስ እኮ ነው!» ብላ ጮኻበት ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተይ፣ ይሻክር። ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ እንዲህ ነው» አላት። ከዚያ ያንን ስፒከር ተሸክሞ የማዕድኑ አዳራሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አስገባው፤ ግድግዳው እንዲያስተጋባለት። ቀን ቀን የማዕድኑ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በሕይወቱ ጮኾ የማያውቅ ሰው ነበር። ጩኸቱን ሁሉ ያኖረው እዚያ ውስጥ ነው።

የመቅረጫው ቁልፍ ጠቅ አለ።

«ሃሎ፣ ሃሎ… መዘምራን፣ ተዘጋጁ…»

ቺሻ ተነሳች። መበለቶቹ «ኧረ ያዟት!» ሲሉ የተሸፈነችበት ቺቴንጌ ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ እሷ መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አጥፋው! ዌብስተር፣ አጥፋው! ባሌ ነው እሱ ውስጥ ያለው!»

ሳቁ ተቆረጠ። የዌብስተር ጣት ቁልፉን ፈልጎ አጣው፤ ሁለተኛ ሞክሮ አጠፋው። ጄሬ ብቻ፣ «አልኳችሁ» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሮ።

ሁሉም ባ ምፑንዱን አዩ። የሟች እህት ናት፤ ፍርዱ የሷ ነው። እሷ ግን ወደ ቺሻ አየችና፣ «እስቲ አሰማን» አለችው ልጇን።

ዌብስተር ቴፑን ወደ ኋላ መለሰው። በመጀመሪያ የራሱ ድምፅ መጣ፤ «ሃሎ፣ ሃሎ… መዘምራን፣ ተዘጋጁ…» ቀጥሎ የቺሻ «አጥፋው!» ከሩቅ፣ ከሱም በኋላ እንደ ዓይን ጥቅሻ ያለች ዝምታ። ከዚያ አንድ ለስላሳ የወንድ ድምፅ «ፊኔ» አለ፤ አራት ማለት ነው። ጊታሩም ግቢውን አናወጠው።

ዘፋኙ ሌላ ሰው ነበር። በዚያ ሥራ ሁሉ ውስጥ የካፓምባ የራሱ ድምፅ የገባው፣ ጓደኞቹን ለማስጀመር «ቺሞ፣ ፊቢሊ፣ ፊታቱ፣ ፊኔ» ብሎ ሲቆጥር ብቻ ነው። ከአራቱ ሦስቱን አዲሱ ቅጂ በልቷቸዋል።

ዌብስተርም ገባው። ወደ ቺሻ ዞሮ ተንበረከከና እጆቹን ለይቅርታ አጨበጨበ። «ባማዮ… የባያማን ድምፅ እኔው በላሁት።»

«ጊታሩ አለ» አለች ቺሻ።

ባ ምፑንዱ ቺቴንጌውን ከወለሉ አንስታ መልሳ አለበሰቻት፤ ምንጣፏም ላይ አስቀመጠቻት። ወደ ሴቶቹ ዞረችና፣ «የተነሳ ሰው አይተናል እንዴ?» አለች።

«ኧረ ማንም አልተነሳም» አሉ መበለቶቹ።

«እንግዲያ ድገመው፣ ልጄ። ወንድሜን ልስማው።»

ዌብስተር ቴፑን እንደገና መለሰው። አዲሶቹ ድምፆች ያሉበት ቦታ እስኪያልፍ ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው፤ ጥቅሉ ብቻ ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የቺሻ ጣት ከቺቴንጌው ስር ወጥታ ምንጣፉን መታች። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ፊኔ» አለ ካፓምባ።