መስተዋቱ ላይ የቀረው ፊት

ሜይታል ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ስትወስድ እናቷ ዘቢደር ያስጠነቀቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመስተዋቱ እንዳታወጣው። እሷም ቤሰደር፣ እሺ ብላ በፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ፎቶው ላይ ያለው ውዱ ነው፤ ሜይታል በዓይኗ ያላየችው ወንድሟ። ዘቢደርና ባላቸው ፈረደ ከጎንደር ወጥተው አዲስ አበባ ላይ ወደ እስራኤል የሚሄዱበትን ቀን ሲጠባበቁ፣ ልጁን በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ገደለው። ከመሞቱ ከሁለት ወር በፊት የጎረቤት ልጅ ኮት ተውሰው አልብሰው፣ ፎቶ ቤት ወስደው ወንበር አስደግፈው አስነስተውት ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን እስራኤል ሲመጡ መቃብሩ እዚያው ቀረ። ከእሱ ይዘው የመጡት ያንን አንድ ፎቶ ነው። ሜይታል ከዚያ አሥር ዓመት ቆይታ ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ተወለደች። ሳሎን ውስጥ ያ ትንሽ ልጅ እያያት አደገች።

ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ፤ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ፍሬሙ ውስጥ ገባ። ፊቱ ደህና ነበር። ከጉልበቱ በታች ግን ወረቀቱ ቡናማ ሆኖ የልጁም የወንበሩም እግር ጠፋ። ዘቢደር ባዩት ቁጥር፣ ውሃው ልጄን እግር አሳጣብኝ እያሉ ያዝኑ ነበር።

ሜይታል ከጦር አገልግሎት ከወጣች በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ትማራለች። በሦስተኛው ዓመት ከወሰደቻቸው ኮርሶች አንዱ ኮምፒውተር ምስል አይቶ እንዲረዳ የሚያደርጉበትን ዘዴ የሚያስተምር ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ላብ የሚሉት፣ በኮምፒውተር ክፍል የሚሠሩት የተግባር ትምህርት አለ፤ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ታርጊል የሚሉት የቤት ሥራ ይሰጣል። የመጀመሪያው ታርጊል በፎቶ ላይ የዕቃዎችን ጠርዝ ለይቶ ማውጣት ነበር፣ ሁለተኛው ሁለት ፎቶዎችን ማጋጠም። ሦስተኛው የተበላሸ ፎቶ ማደስ ሆነ። የላቡ አስተማሪ ኔታ ሁሉም ከቤቱ አንድ አሮጌ ፎቶ ይዞ እንዲመጣ ነገረቻቸው። የሚጽፉት ፕሮግራም የጠፋውን ቦታ ዙሪያ አይቶ፣ ከሌሎች ብዙ ፎቶዎች በተማረውም ይሞላዋል ተባለ። ሜይታል ወዲያው ትዝ ያላት የውዱ እግር ነው።

በላቡ ቀን ስካነሩ ፊት ለፊት ወረፋ ነበር። አብሯት የሚሠራው ዚቭ የአያቶቹን የሠርግ ፎቶ ቀድሞ ስካን አድርጎ ጨርሷል። የእሷ ተራ ደርሶ ፍሬሙን እንዳለ ስታስቀምጠው የስካነሩ መብራት መስተዋቱ ላይ እያረፈ በልጁ ፊት ላይ ነጭ መስመር አሰመረበት። ደገመችው፤ ያው ነው። ዚቭ በመስኮቱ በኩል በስልክ እናንሳው አላት። እሷ ግን ኔታ ጥራት ለሌለው ምስል ነጥብ እንደምትቀንስ ጽፋለች ብላ እንቢ አለች። ከኋላዋ ስድስት ሰው ቆሟል፣ ላቡም ሊዘጋ ነው።

ፍሬሙን ገልብጣ የጀርባውን ካርቶን ፈታች። ወረቀቱ ከእግሩ በኩል በቀላሉ ተነሣላት። ደረቱ ጋ ሲደርስ ያዘ አደረገው። ጥፍሯን አስገብታ ቀስ ብላ ሳበችው፤ ትንሽ ነገር ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማች። ስትገለብጠው ፊቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ርሶ ሲደርቅ የተጣበቀው ፊቱ መስተዋቱ ላይ ቀርቷል፤ በቀጭን ማስመሪያ ልታነሣው ብትሞክር እንደ ደረቀ ቅርፊት እየተፈረፈረ ወደቀ።

ዚቭ ምን ሆነ ሲላት፣ ምንም አይደል፣ ቤት ሌላ ቅጂ አለን አለችው።

ስልኳ ውስጥ በፔሳህ፣ በፋሲካ በዓል ወላጆቿን ሳሎን ውስጥ ያነሣቻቸው ፎቶ ነበር። ከአባቷ ትከሻ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የውዱ ፊት የምስር ፍሬ አክሎ ይታያል። ያችን ምስር ቆርጣ አውጥታ ለፕሮግራሙ ሰጠችው። ፕሮግራሙ የተማረው ከብዙ ሺህ የማታውቃቸው ልጆች ፊት ነው፤ ምስሯ ውስጥ የሌለውን ከእነሱ እያመጣ ይሞላል። ሜይታል ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ ደጋግማ አሠራችው። በመጨረሻ ሁለት ጥሩ ዓይኖች፣ ትንሽ አፍንጫ፣ ፈገግ ሊል የቃጣ አፍ ያለው ልጅ ወጣ። እግርም ወጣለት፤ ከነጫማው። ሄርዝል ጎዳና ፎቶ ቤት ሄዳ ደብዘዝ ባለ ወረቀት አሳተመችውና አዲስ መስተዋት አስገብታ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ይዛው ገባች።

ዘቢደር መጀመሪያ የነኩት እግሩን ነው። ጫማ አድርጎ የለም እንዴ አሉ። ቀጥለው ፊቱን አስጠግተው አዩት፣ ሳሙትም። ጎረቤታቸውን አማረችን ጠርተው፣ ልጄ ወንድሟን አዳነችው ብለው አሳዩዋት። ፈረደ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና መልሰው ሰጥተው ወደ በረንዳ ወጡ። ሜይታል እንዳወቁ አወቀች።

ከዚያ በኋላ ዘቢደር ጠዋት ጠዋት ፎቶውን በመዳፋቸው እየወለወሉ መሳም ጀመሩ። ሜይታል እያየች ቁርሷን ሳትጨርስ ትነሣ ነበር። እሑድ አባቷን ክሊኒክ ስታደርስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ፣ ፈረደ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሡ ጠየቋት።

«ያ ልጅ ማነው?»

ሜይታል ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበች፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«ውዱ የግራ ዓይኑ ጨፈን ያለች ነበረች፤ ሲወለድ ጀምሮ። የዚያኛው ሁለቱም ክፍት ናቸው።»

«ኢማ አላወቁም፣ አባ?»

«እናትሽ ዓይኗን ሞራ ይዟታል። ደግሞ ማወቅም አልፈለገችም። አንቺ ካልነገርሻት እኔ አልነግራትም። ብቻ በየጠዋቱ የምትስመው የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም።»



ሜይታል ዓርብ ዕለት፣ እናቷ ለሰንበት ቤቱን ሲያጸዱ፣ አጠገባቸው ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መስተዋቱን፣ ወረፋውን፣ ምስሯን። ዘቢደር የያዙትን መወልወያ አስቀመጡ። ስትጨርስ እውነተኛው የት እንዳለ ጠየቁ። ከመሳቢያዋ አውጥታ አመጣችላቸው፤ መሐሉ ነጭ የሆነውን ወረቀትና በፎጣ የተጠቀለለውን መስተዋት። እናቷ መስተዋቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። ጆሮ ይታያል፣ የግንባር ቁራጭ ይታያል። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ድምፁን ከረሳሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል» አሉ። «ፊቱ ብቻ ነበር የቀረኝ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያንቺ ልጅ ነው።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አለች ሜይታል። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅር ማለታቸው ይሁን አለማለታቸው አልታወቀም።

የዚያን ዕለት ፈረደ ከምኩራብ ሲመለሱ ዘቢደር ስለ ልጁ ፊት ይጠይቋቸው ጀመር። ግንባሩ ሰፊ እንደነበረ ተስማሙ። ጨፈን ያለችው ዓይን ላይ ሲደርሱ ግን እሳቸው ግራ አሉ፣ ዘቢደር ቀኝ ናት አሉ። ደጋግመው ተነጋገሩበት። አዲስ አበባ ላይ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች አንድ ሁለቱ ሞተዋል፣ የቀሩትም ያን ትንሽ ልጅ ልብ ብለው አላዩትም። የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ምግቡ ቀዘቀዘና ሜይታል አነሣችው።

ሪፖርቷ ላይ እውነቱን ጻፈች፤ ፕሮግራሙ ያወጣው ፊት የልጁ ፊት እንዳልሆነ፣ ዋናው ፎቶ እንዴት እንደጠፋ። ኔታ ዘጠና ስድስት ሰጠቻት። ስለ ዘዴው ድክመት የጻፍሽው ከክፍሉ ሁሉ የተሻለ ነው ብላ፣ ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች እንድታሳየው ፈቃድ ጠየቀቻት። ሜይታል አይሆንም አለቻት፤ ለምን እንደሆነ አላስረዳችም። በሚቀጥለው ማክሰኞ አራተኛው ታርጊል ተጀመረ፤ ከቪዲዮ ላይ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎችን መቁጠር። ከዚቭ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ፣ ቤት ሌላ ቅጂ እንዳልነበረ ነገረችው። ዚቭ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ፤ ሥራቸውን ቀጠሉ።

እናቷ እንደ ወትሮው ያነጋግሯታል፤ በላሽ ወይ፣ አውቶቡሱ ዘገየ ወይ ይሏታል። ስለ ፎቶው ግን ለብዙ ቀን አላነሡም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ግድግዳው ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ዘቢደር ፍሬሙን ታቅፈው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል።

«ከፊቴ አርቂልኝ» አሉና ሰጧት። እጇ ውስጥ ከገባ በኋላም ወዲያው አልለቀቁትም። «እንዳትቀዳድጂው ግን። ልጅ ነው።»

ክፍሏ ወስዳ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችው። መሳቢያው ጠበበው፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ማኖር ደግሞ ከበደባት። ኮቷን ሳታወልቅ ፍሬሙን ፊት ለፊቷ አድርጋ ብዙ ተቀመጠች። ከሳሎን እናቷ ለአማረች በስልክ፣ ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን ሲሉ ይሰማታል።