ሙጫ ውስጥ የተደፋው ጎን

ቨርሊን ስቶክስ ጥያቄ ምልክት የምታድልበት ቀይ እስክሪብቶ አላት። ከሳላይዳ ከተማ ማዕድን ሰብሳቢዎች አንዱ የሩዝ ፍሬ የምታክል ክሪስታሉን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ውስጥ አጣብቆ፣ የድንጋይዋንም ስም ጽፎ ለኤግዚቢሽኑ ሲያመጣ፣ ዳኛዋ ቨርሊን በማይክሮስኮፕ ታያታለች። ካልጣማት ከስሟ ጎን «?» ታኖርባታለች። እንዲህ የተመረቀች ድንጋይ ኤግዚቢሽን አትወጣም፤ ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ወዳለው መደርደሪያ ትሰደዳለች። የጌይሎርድ ፕሩዊት «ቶፓዝ» አምና ይህን ክብር አግኝታለች። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ቨርሊንን ሰላም የሚላት በጥርሱ ብቻ ነው።

ዘንድሮ የመሃሉ ጠረጴዛ ለራሷ ለቨርሊን ተይዟል፤ ከአንቴሮ ተራራ አናት በዳዴ ላወረደቻት፣ ፌናካይት ለተባለች ክሪስታል። ተራራው ኳርትዝ በሚባለው ተራ ድንጋይ የተሞላ ነው፤ ፌናካይት ግን ብርቅ ናት። ሁለቱ ደግሞ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ።

ጌይሎርድ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየ። «ታምራለች። መስመሮቿ ግን የታሉ?»

«የምን መስመር?»

«እመቤቴ፣ አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን? መስመሩ ቁመቱን ይዞ ከወረደ ፌናካይት፣ አግድም ከሄደ ኳርትዝ።»

ቨርሊን አየች። ወደ ላይ የዞረው ጎን እንደ መስታወት ልሙጥ ነው፤ የመረጠችውም ለዚሁ ነበር። ሻካራውን ጎን ግን ውበቷን ያበላሻል ብላ፣ በቅጡ ሳትመረምረው ሙጫ ውስጥ ደፍታዋለች። ዳኛዋ የምስክሩን አፍ አሽጋ ፈርዳለች።

«እንንቀላት እንዴ?» አለ ጌይሎርድ፣ ደግነቱ እየተንጠባጠበ።

«ትሰበራለች!»

«አምና የኔን ስታስነቅዪኝ "ድንጋይ ነው፣ አይሞትም" ነበር ያልሽው።»

ብስኩት ሲያላምጡ የነበሩት ሰብሳቢዎች ሁሉ ዙሪያቸውን ከበቡ። እምቢ ብትል ጠረጴዛውን ታጣለች፤ እሺ ብትል ምናልባት ድንጋይዋንም።

«የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አቀብለኝ» አለች።

ጠብ አደረገችበት፤ ሙጫው ላላ። በመርፌ ጫፍ ገለበጠቻት። አልተሰበረችም።

ጌይሎርድ ቀድሞ አየ። ፈገግታው እስከ ጆሮው ደረሰ። ቀጥሎ ቨርሊን አየች። መስመሮቹ እንደ መሰላል መርገጫ አግድም ተደርድረዋል።

ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ፌናካይት» የሚለውን ሰረዘች፣ ከስሩም ጻፈች፦ «ኳርትዝ?»

«ጥያቄ ምልክቷ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣች?»

«ኳርትዝ ናት ብለህ የጠረጠርከው አንተ ነህ» አለች እስክሪብቶዋን እየከደነች። «ያንተን ጥርጣሬ ያለ ጥያቄ ምልክት መቼ አሳልፌ አውቃለሁ?»

ከዚያም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የመሃሉን ጠረጴዛ እንዳላየች አልፋ፣ ሳጥኗን ከጌይሎርድ ቶፓዝ ጎን፣ ሽንት ቤቱ በር አጠገብ በክብር አስቀመጠቻት። ጥያቄ ምልክት ያለባት ድንጋይ ኤግዚቢሽን አትወጣማ፤ ሕግ ሕግ ነው።