ተናኜ ከአውሮፕላን ስትወርድ

«...ከዚያማ ግሪኩ የሆቴል ባለቤት ‹እኔም ልሞክር› ብሎ ተነሣ። ትከሻውን አንዴ ሲሰብቅ አንገቱ እንደ ዞረ ቀረ» አለ ጎረቤታቸው ቢተው፣ ንፍሮውን በመዳፉ እንደያዘ። «ወጌሻ ሆና ያሸችው ራሷ ተናኜ ናት። መጽሐፉ ላይ አለ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። የሟች ታላቅ እህት እትዬ ፈለቀች ከጓዳ ብቅ አለችና አላፊ አግዳሚው ሠርግ ቤት እንዳይመስለው ብላ ተቆጣች። ተቆጥታም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ያዩ ሁለት እንግዶች አለቀሰች ብለው ሊያጽናኗት ተነሡ፤ ቀረብ ሲሉ እሷም እየሳቀች ነበር።

ባልየው ካሳዬ ጥግ ላይ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያያል። ሚስቱን የቀበረው ትናንት ነው። ለቅሶ ቤት ሲሳቅ ቅር ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ተናኜ ያለችበት ቤት መቼም ያለ ሳቅ አያውቅም፣ ሞታም ልማዷን አልተወች። እሱ ብቻ ነው መሳቅ ያቃተው።

ተናኜ በንጉሡ ዘመን ከአንድ የባህል ቡድን ጋር ወጥታ ካርቱም፣ ቤይሩትና አቴና ውስጥ በየሆቴሉ እስክስታ ስትመታ ዓመታት የቆየች ሴት ነበረች። ተመልሳ ካሳዬን አግብታ፣ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ቤት ይዛ ኖረች። አብዮቱ ከመጣ በኋላ አንድ ክረምት ቁጭ ብላ ያየችውን ሁሉ ጻፈችና «ትከሻዬ በሰው አገር» የሚል ስም አወጣችለት። አሳታሚ ዘንድ ብትሄድ፣ የዳንሰኛ ትዝታ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል ተባለች። አልተከራከረችም። ማተሚያ ቤት ፈልጋ ራሷ አሳተመችው፤ በዘንቢል ተሸክማም ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት፣ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች ሸጠችው። ለመግዛት ያመነታ ሰው ካገኘች ዘንቢሏን ታስቀምጥና አንድ ገጽ በትከሻዋ «ታነብለታለች»። ከዚያ ወዲያ እምቢ ያለ ሰው አልነበረም።

መጽሐፉ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ መጨረሻ የለውም። በዚያ ዘመን ሳይመረመር የሚታተም ነገር ስላልነበር ረቂቁ ወደ ሳንሱር ሄዶ ሲመለስ የመጨረሻው ምዕራፍ ተቆርጦ ቀረ። ምዕራፉ ከአቴና ተመልሳ ቦሌ ስታርፍ የሚተርክ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ የጥበቃ ቦታ ስለሆነ ውስጡ አይጻፍም ተባለ። ስለዚህ መጽሐፉ አውሮፕላኑ ደመና ላይ እንዳለ ያልቃል። ሰፈሩም «ተናኜ እስከ ዛሬ አልወረደችም» እያለ ቀለደ።

ቀልዱ ካሳዬን ትንሽ ይወጋው ነበር፤ እሱ ያለው እዚያው የተቆረጠው ምዕራፍ ውስጥ ነዋ። ስትጽፍ ሊያይ ቢሞክር «ሲታተም ታነበዋለህ» ብላ ከለከለችው። ከተቆረጠ በኋላ ቢለምናትም መልሷ አልተለወጠም፤ «ቀን ይመጣል፣ ያኔ ታነበዋለህ» ትለው ነበር። ያ ቀን ሳይመጣ ኩላሊቷን ታመመችና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር አንድ ቀጭን ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። እግዜር ያጥና ብሎ ድንኳኑ አፍ ላይ ተቀመጠ። ውሃው ከድንኳኑ ጫፍ ጀርባው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱ ግን አልተነቃነቀም። የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ቢተው ንፍሮ አቀረበለትና ሟችን በምን እንደሚያውቃት ጠየቀው።

ሰውየው ስሙ ገብረዋሕድ እንደሆነ፣ ሥራውም የመጻሕፍት ረቂቅ መመርመር እንደሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ካነበቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ካርታ የሚጫወቱት እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሁሉም ተጫዋቾቹ መሐል ወደ ተቀመጡት ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጓድ ሱልጣን ተመለከተ። ገብረዋሕድም ያኔ ነው ያያቸው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን ከመጣ መጥቷልና ወደ ካሳዬ ዞረ።

«ምዕራፉ ይለፍ ብዬ ሁለት ጊዜ አስተያየት ጽፌ ነበር፤ አላለፈም» አለ። «ደጋግሜ ሳነበው ግን በቃሌ ቀረ። እርስዎ እንዳላነበቡት ሰማሁ። ከፈቀዱልኝ ልንገርዎ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ካሳዬ እንኳ ቀና ብሎ ያየው ሊቀመንበሩን ነበር። ጓድ ሱልጣን ካርታቸውን እያዩ፣ «እኔ ይሄን ጆሮዬን ብርድ ከመታው ቆይቷል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ካሳዬ በእጁ ጠቀሰና ሰውየውን አጠገቡ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው። ገብረዋሕድ ጀመረ። በሐምሌ ዝናብ አውሮፕላኑ እንዴት እንዳረፈ፣ ተናኜ በስስ የአቴና ጫማ ኩሬ ውስጥ እንዴት እንደወረደች፣ ከዚያም በየትኛው በር እንደገባች...

«የበሩን ቁጥር ዝለለው» አሉ ጓድ ሱልጣን።

ሰው ሳቁን ዋጠ። ገብረዋሕድ በሩን ዘለለ። ቀሚሶቿና ድሪዋ ያሉበት ሻንጣ አልመጣም ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ካሳዬ ያን ጊዜ የሻንጣ ክፍል ሠራተኛ ነበርና ሻንጣውን ሳምንት ሙሉ መጋዘን ለመጋዘን አስሶ እንዴት እንዳገኘው በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ሲያወራ ኖሯል። የትዳራቸው መነሻ ያ ሻንጣ ነው።

«ሻንጣው በማግስቱ መጥቶ ነበር» አለ ገብረዋሕድ።

ካሳዬ ቀና አለ።

በማግስቱ መጥቶ ተወልደ የሚባል የካሳዬ ባልደረባ ሰጥቷት ነበር። እሷ ግን መልሳ አስረከበችው። እባክህ ጥቂት ቀን ደብቅልኝ፣ ያ ረጅሙ ሰውዬ ይፈልግልኝ አለችው። በየቀኑ እየመጣች ካሳዬ አቧራ ለብሶ ከመጋዘን ሲወጣ ታያለች፤ እሱም «ነገ አይቀርም» ይላታል። በመጨረሻ አሳዘናትና ተወልደ አንዱ ጥግ እንዲጥለው አደረገች። ካሳዬም «አገኘሁት» እያለ እየሮጠ መጣ።

ሳቁ፣ ጆሯቸው ቢታመምም ቀድመው በሳቁት በጓድ ሱልጣን ተጀምሮ ድንኳኑን እስከ ጓዳ ድረስ አዳረሰ። እትዬ ፈለቀች በነጠላዋ አፏን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ገብረዋሕድ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «ማብቂያው ግን እንዲህ ነው» አለ። «‹በሄድኩበት አገር ሁሉ ሰው የሚያየው ትከሻዬን ነበር። ይህ ሰው ገና ስወርድ ያየው ጫማዬ መርጠቡን ነው። ከሻንጣዬ በፊት የራሱን ወንበር ሰጠኝ፤ ጫማዬንም ጋዜጣ ወትፎ ከሰል ምድጃው አጠገብ አሰጣልኝ። ከዚያ ወዲያ የትም ልደንስ ሳልሄድ ቀረሁ።›»

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ካሳዬ ወንበሩንም ጋዜጣውንም ረስቶት ነበር። ሳቁ መጀመሪያ ከሆዱ መጣ፣ «ደብቃው ነበር» አለ፣ «ያን ሁሉ አቧራ አብልታኝ»፤ ከዚያ ሳቁና እንባው ተቀላቅለው መለየት አቃተው። ከቀብሩ ወዲህ ማልቀሱ ገና መጀመሩ ነበር።

ሲረጋጋ ወደ ገብረዋሕድ ዞረ። የሰውየው ኮት ጀርባ በዝናብ ርሶ ነበር፣ ይንቀጠቀጣልም።

«እስቲ እንደገና፣ ከመጀመሪያው» አለው፤ የጋቢውን ግማሽ ከራሱ ላይ ገፈፈና የሰውየውን ትከሻ ሸፈነለት።